አንድ ራይት፣ ሁለት ራይት

አዲስ አበባ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት፣ ዘወትር የምገባባት አንዲት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነበረች። ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ደጅ ይጠብቃል። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ግድግዳው ላይ በማርከር የተጻፈ ስልክ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ «ቴሌግራም» ይላል።

አንድ ሥራ ፈላጊ ወጣት ይገባል። «እህቴ፣ ሲቪ ላወጣ ነበር፤ ፍላሽ ግን አልያዝኩም።»

«በቴሌግራም ላክልኝ፤ ቁጥሩ እዚያ አለ።» ትለዋለች የኮፒ ቤቷ ልጅ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ወጣቱ ስልኩን ይነካካል። ጥቂት ቆይቶ ኮምፒዩተሩ ጥግ ላይ ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች፤ ልጅቷ ትጫነዋለች፤ ፕሪንተሩ ያጓራል። ፍላሽ ከማሽን ማሽን ይዞት ይዞር የነበረው ቫይረስም፣ «ፋይሉ ጠፋብኝ» የሚለው ልመናም እዚያች ቤት ከቀረ ቆይቷል። ይህን ማንም አያስተውለውም። እኔ ግን ወረፋ በምጠብቅባቸው ደቂቃዎች አንድ ነገር ሲገርመኝ ኖሯል፦ በስልኩና በኮምፒዩተሩ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር አይሞላም፤ ያ ሲቪ የተጓዘው ግን ባሕር ተሻግሮ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ፋይሉ ከስልኩ ተነሥቶ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ሰፈሩ አንቴና ይሄዳል፤ ከዚያ መሬት ውስጥ ወደተቀበረው የመስታወት ኬብል ይገባል፤ በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ የባሕር ውስጡን ኬብል ይይዝና ውጭ አገር ካለ የመረጃ ማዕከል ይደርሳል። ከዚያ በመጣበት ዓይነት መንገድ ተመልሶ ልጅቷ ፊት ያርፋል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መንገዱ በአንድ በኩል 10,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ብቻ ይፈጃል። ወጣቱን ያስጠበቀው ርቀቱ አይደለም፤ የሰፈሩ ኔትወርክ መጨናነቅ ነው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይዞራል? ስልክ ስንደውል ሁለታችንም በአንድ ጊዜ መኖር አለብን፤ አንዱ ከሌለ ነገሩ ቀረ። የመልእክት ፕሮግራም ይህን ግዴታ ያነሣል። መሐል ላይ የማይተኛ አደራ ተቀባይ ያስቀምጣል፤ ሰርቨር የምንለው እሱ ነው። ላኪው ለአደራ ተቀባዩ ሰጥቶ መንገዱን ይቀጥላል፤ ተቀባዩ በመጣ ሰዓት አደራውን ይወስዳል። ባለሙያዎቹ ይህን አሠራር ተቀብሎ ማስቀመጥና ማስተላለፍ ይሉታል። የቀረው ጌጥ ሁሉ፣ አረንጓዴዋ ነጥብ፣ «እየጻፈ ነው» የምትለው ቃል፣ ከመልእክቱ ጎን የሚወጡት ራይቶች፣ አደራው የት እንደደረሰ ለላኪው የሚነገር ወሬ ነው።

ይህ አሠራር ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም። ከካዛንቺስ በእግር የሚደረስበት የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ የሚባል የመረጃ ሥርዓት ነበረው፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢትዮጵያ ገና ኢንተርኔት የሚባል ነገር ሳይኖራት፣ ፓዲስ ፊዶኔት በተባለው ቴክኖሎጂ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። ፊዶኔት አሜሪካዊው ቶም ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው ነው፤ የሚያስፈልገውም ተራ ኮምፒዩተር፣ ሞደምና የስልክ መስመር ብቻ ነበር። ቀን የተጻፈው ደብዳቤ ማሽኑ ውስጥ ይከማቻል። ሰዓቱ ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ስልክ ደውሎ ከሌላው ማሽን ጋር ይገናኛል፤ ያለውን አራግፎ ለእሱ የተቀመጠውን ይቀበልና ስልኩን ይዘጋል። በፊዶኔት ዓለም ይህ በአብዛኛው ሌሊት ይደረግ ነበር፤ የስልክ ዋጋ የሚረክሰው ያኔ ነውና። ፓዲስን ትመራ የነበረችው ናንሲ ሃፍኪን ኢሜይልን ወደ በርካታ የአፍሪካ አገሮች በማስገባት ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢንተርኔት የክብር መዝገብ ስሟ ሰፍሯል። የዛሬው መልእክታችን የዚያ የሌሊት ደዋይ ልጅ ነው፤ ለውጡ መስመሩ አለመዘጋቱ ብቻ ነው።

ያ ለውጥ ግን ቀላል አይደለም። ኢሜይል በድሮው ልማዱ በየደቂቃው በር እያንኳኳ «የመጣልኝ አለ?» ይላል። የፈጣን መልእክት ፕሮግራም በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ከሰርቨሩ ጋር መስመር ይዘረጋል፤ አልፎ አልፎም እንደ ልብ ትርታ «አለሁ» የምትል ትንሽ ምልክት ይልካል። ትርታው ሲቋረጥ ሰርቨሩ ሰውየው እንደሄደ ይቆጥራል። አረንጓዴዋ ነጥብ የምትበራውና የምትጠፋው በዚህ ነው። ይህን «ማን አለ?» የሚል ዝርዝር ለብዙ ሕዝብ ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእስራኤላውያኑ አይሲኪው ነበር፤ ያሁ ሜሴንጀርና ኤምኤስኤን ተከተሉት።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአዲስ አበባ ወጣት እነዚያን ፕሮግራሞች ያወቃቸው በኢንተርኔት ካፌ፣ በደቂቃ እየከፈለ ነው። ውጭ ያለችው እህት ሥራ የምትወጣበትን ሰዓት አስልቶ ይሄዳል፤ ነጥቧ እስክትበራ ይጠብቃል፤ የሚከፈልበት ደቂቃ ደግሞ ይቆጥራል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ ኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ ሲቆይ፣ በከተማው ውስጥ ሳይቀር ጽሑፍ የሚላላክ ሰው ይህንኑ የካፌ ወንበር ተጠግቷል። ያሁ ሜሴንጀር እ.ኤ.አ. በ2018፣ አይሲኪው በ2024 ተዘጉ። እዚያ የተጻፈው ብዙው ነገር አብሮ ጠፋ፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ከአንድ ቤተሰብ የስደት ታሪክ ግማሹ እነዚያ መስኮቶች ውስጥ ተጽፎ ነበርና።

ያኔ ሁሉም «ሰላም»ን በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፈው። ስንፍና አልነበረም። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደላት ያላቸው የአማርኛ ሶፍትዌሮች ቢኖሩም እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ነበር የሚሰጠው፤ ላኪው በአንዱ የጻፈው፣ ተቀባዩ ያንኑ ፎንት ካልጫነ፣ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ጉዳዩን መስመር ያስያዘው ዩኒኮድ የተባለው የጋራ ሥርዓት ነው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ለግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥር ሰጠው። የቁጥሩ ተራ የሚጀምረው ከ4608 ነው፤ ይህም ሀ ነው። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተመድቧል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ ሏ እና ሟ ላሉት። ከሰ በፊት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ የሚሉ ስድስት ቤቶች አሉ፤ ስድስት ጊዜ ስምንት አርባ ስምንት፤ ስለዚህ ሰ 4656 ነው። ላ 4619፣ ም ደግሞ 4637 ነው። የቄስ ትምህርት ቤቱ የፊደል ገበታ ሥርዓቱን እንደያዘ ማሽን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

በዚህ ቁጥር ላይ ክብደት አለ። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው፤ በላቲን አምስት ፊደል ሲጻፍ አምስት። የሞባይል አጭር መልእክት ላይ ልዩነቱ ኪስ ይነካል፤ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል። በኢንተርኔት በሚሄድ መልእክት ግን ማንም ፊደል ቆጥሮ አያስከፍልም፤ አንዲት ፎቶ የመቶ ገጽ ጽሑፍ ታህላለች። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ ካወጣ በኋላ ደግሞ ፎንት የመጫኑ ጣጣ ቀለለ። የኮፒ ቤቷ ልጅ በሙሉ ኪቦርድ አማርኛን በዐሥር ጣቷ ስትጽፍ ያየ ሰው፣ ለጽሑፍ ሥራ ዴስክቶፑ ከስልክ ለምን እንደሚመረጥ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ራይቶቹ። እነሱን ባለማወቅ የተቀያየመ ሰው ስላየሁ ቆም ልበልባቸው። ቴሌግራም ላይ መጀመሪያ የምትታየው ትንሽ ሰዓት መልእክቱ ገና ከራስህ ማሽን አለመውጣቱን ትነግርሃለች። አንድ ራይት ሰርቨሩ አደራውን ተቀበለ ማለት ነው። ሁለት ራይት ተቀባዩ ከፈተው ማለት ነው። ዋትሳፕ ግን ሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ እዚያ ሁለቱ ራይት መልእክቱ ስልኩ ላይ መድረሱን ብቻ ያሳያሉ፤ መነበቡን የሚናገረው ሰማያዊው ቀለም ነው። የአንዱን ሕግ ይዞ ሌላውን የሚያነብ ሰው ያልተከፈተውን «አንብቦ ዝም አለኝ» ይላል። ዴስክቶፕ ሲጨመርበት ነገሩ ይጠልቃል፦ ቢሮ ውስጥ ተከፍቶ የተተወ ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ሰው ያንን መስኮት ቢከፍተው ሁለተኛው ራይት ይመጣል። ምልክቱ ማሽኑ መልእክቱን ማሳየቱን እንጂ የማን ዓይን እንዳየው አያውቅም።

መብራት ሲሄድስ? ካዛንቺስ ይህን ጥያቄ በደንብ ታውቀው ነበር። ሰርቨሩ በእያንዳንዱ አካውንት ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ሁሉ በተራ ቁጥር ይመዘግባል። መብራት ተመልሶ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ «እኔ ያለኝ እስከ 4182 ነው» ይላል፤ ሰርቨሩ ከ4183 ጀምሮ ያለውን ያቀብለዋል። ስልኩም የራሱን ቁጥር ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ሌላም ብልሃት አለ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ፕሮግራሙ መልሱ ስላልደረሰው ያንኑ መልእክት ደጋግሞ ይልካል። ሁለቴ እንዳይገባ ለእያንዳንዱ መልእክት አስቀድሞ የዘፈቀደ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩ ያየውን መለያ ዳግም ሲያገኝ ይጥለዋል።

አደራ ተቀባዩ አደራውን ከፍቶ ማየት ይችላል ወይ? ይህ ነው ልብ የሚነካው ጥያቄ። በቴሌግራም ተራ ጭውውት መልእክቱ በመንገድ ላይ የተመሰጠረ ነው፤ ሰርቨሩ ግን ቁልፉ አለው። ባይኖረውማ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ስንገባ የሦስት ዓመት ጭውውታችንን ወዲያው ሊያሳየን አይችልም ነበር። ምቾቱና ስጋቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። «ምስጢራዊ ጭውውት» የሚባለው ግን ቁልፉን በሁለቱ ስልኮች ላይ ብቻ ያስቀምጣል፤ በዊንዶውስ በሚሠራው የዴስክቶፕ ፕሮግራም ላይ የማናገኘውም ለዚህ ነው። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ሁሉንም ጭውውት በዚህ ዓይነት መንገድ ይመሰጥራል።

ከምስጠራው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ክፍት የተተወ በር ነው። ቴሌግራም ላይ በኪውአር ኮድ ስንገባ ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜያዊ ቁጥር በሥዕል ያሳያል፤ ስልካችን አንብቦ «የኔ ነው፣ አስገባው» ይላል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ስልኩን አጥፍተን ብንሄድም አይወጣም። እኔ ራሴ ሰነድ ላወጣ በሰው ኮምፒዩተር ገብቼ፣ ሳልዘጋ ወጥቼ፣ ከሳምንት በኋላ በስልኬ ቅንብር ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ስከፍት ያ ማሽን አሁንም በስሜ ተቀምጦ አገኘሁት። እናቴ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ እዚያ ነበር። ከዚያች ዝርዝር ላይ በመንካት ይዘጋል። ፋይል ለማሳተም ግን የራስን አካውንት መክፈት ጨርሶ አያስፈልግም፤ ለቤቱ ቁጥር መላክ ይበቃል።

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ መገናኛዎች ተገድበው በነበረ ጊዜ የኮፒ ቤቷ ግድግዳ ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም አጣ። ፍላሹ ተመለሰ፤ ቫይረሱም። ገደቡ የሚሠራው ወደ ታወቁ አድራሻዎች የሚሄደውን ትራፊክ በመዝጋት ነው። ብዙዎች በቪፒኤን፣ አንዳንዶቹም ፕሮግራሙ ውስጥ ባለው ፕሮክሲ በሚባል መንገድ አለፉ፤ መልእክቱ መጀመሪያ ወደ ሌላ፣ ወዳልተዘጋ ማሽን ይሄዳል፣ ያ ማሽን ያሻግረዋል። ከአደራ ተቀባዩ በፊት ሌላ አደራ ተቀባይ ተጨመረ ማለት ነው።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ካዜ ኢንቺስ ከሚለው የጣሊያንኛ ስያሜ ነው፤ ኢንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ምህጻረ ቃል ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲነሣ ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ኮፒ ቤቷም ፈረሰች። ስልክ ቁጥሩ ግን አሁንም ይሠራል፤ ልጅቷ ኮምፒዩተሩን ይዛ ሌላ ሰፈር ገብታለች።

በቅርቡ ሄጄባት አንድ የዕድር ጸሐፊ አብሯት ተቀምጦ አገኘሁ። የወር መዋጮ ማስታወሻ እያስጻፈ፣ ለየአባሉ በየስሙ ያስልካል፤ የዕድሩ አባላት በየሰፈሩ ተበትነዋልና አንድ ቦታ መለጠፍ አይቻልም። «ለጋሼም ላኪላቸው» አላት፤ «ስልካቸውን ማታ ማታ ነው የሚከፍቱት።» ላከች። አንድ ራይት። ጸሐፊው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ጥቂት ቆየ። «ይሁን፣ ደርሷል» አለና ቀጣዩን ስም ጠራላት።