ልጆች ዜማ መድረስን መቼ ይማሩ?

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ አለ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ መዝሙር አለ ማለት ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ይዘመራል፣ በወላጆች ቀን ይዘመራል፣ በታችኞቹ ክፍሎች ፊደልና ቁጥር ሳይቀር በዜማ ይጠናል። የሚዘመረው ሁሉ ግን ሌላ ሰው የደረሰው ነው። ተማሪው ራሱ አንዲት አጭር ዜማ ደርሶ ለክፍል ጓደኞቹ እንዲያሰማ የሚጠየቅበት ክፍለ ጊዜ ብርቅ ነው። ለምን ሲባል የሚሰጠው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ኖታ ይወቅ፣ መሣሪያ ይልመድ፣ ድርሰቱ ሲበስል ይደርሳል፤ ተሰጥኦ ያለውማ ማንም ሳያስተምረው ይደርሳል። ይህ ክርክር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየና በብዙ አገሮች ያልተቋጨ ነው። በእኔ እምነት ዜማ መድረስ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለማንኛውም ልጅ ሊሰጥ የሚችል፣ ሊሰጥም የሚገባው ትምህርት ነው። ጠንካራውን ማስረጃ ፍለጋም ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ቅኔ ቤት አለ።

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የግእዝን ሰዋስው ጨርሶ፣ ግሱን ሁሉ አጥንቶ እስኪበቃ ድረስ ድርሰት አይከለከልም። ባለ 2 ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሲችል ባለ 3 ቤት ወደሆነው ዘአምላኪየ፣ ቀጥሎም ወደ ረጃጅሞቹ፣ ባለ 6 ቤት ወደሆነው ሥላሴ፣ ባለ 8 ቤት ወደሆነው መወድስ ያድጋል። ግሱም ሰዋስውም የሚጠናው ከድርሰቱ ጎን ለጎን ነው፤ እንዲያውም የግእዝ ሰዋስው የሚማሩበት ዋናው ቤት ቅኔ ቤት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ተማሪው ለብቻው ዞር ብሎ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ የጎደለውን ያሳያል። መምህሩ ራሱም በተማሪዎቹ ፊት ቅኔ ይዘርፋል፤ የሚያስተምረውን ነገር ሲሠራ ይታያል ማለት ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፣ የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብም ነውር ነው። እንግዲህ ፈጠራ በትምህርት አይገኝም የሚል ሰው፣ ከገበሬ ቤት የወጡ፣ በልመና ቁራሽ የሚያድሩ ልጆች በዋሸራና በጎንጅ ለዘመናት ይህን ሲያደርጉ መኖራቸውን እንዴት እንደሚያስረዳ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁሉም ታላቅ ባለቅኔ አልሆኑም። ብዙዎቹ ግን ቅኔ መቁጠር ችለዋል፤ ከትምህርት ቤት የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

ሁለት ተገቢ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ቅኔ በዋነኛነት የቃልና የምሥጢር ድርሰት ነው፤ የሚዜምበት ዜማ ቀድሞ የተሰጠ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ስለዚህ ቅኔ ቤት ለዛሬው የሙዚቃ ክፍል የሚያወርሰው ይዘቱን ሳይሆን አካሄዱን ነው፦ ትንሽና ጠባብ መልክ፣ የዘወትር ልምምድ፣ በሰው ፊት መሰማት፣ ወዲያው የሚሰጥ እርማት። እነዚህ አራቱ ለቃል እንደሠሩ ለድምፅም የማይሠሩበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። በዚያው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው ዜማ ቤት ገብቶ ድጓውን ከነምልክቱ ሳያዛንፍ ማጥናት አለበት፣ በተለመደው ቅደም ተከተልም ዜማ ቤት ከቅኔ ቤት ይቀድማል፤ ታዲያ ይህ «መጀመሪያ ተማር፣ በኋላ ፍጠር» ማለት አይደለም ወይ? በከፊል ነው። ዜማ ቤት የተረከቡትን ሳያጎድሉ ማስተላለፍን ያስተምራል፤ በዚያ ቤት አንዲት ድምፅ መለወጥ ስህተት ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ ያልነበረውን ማምጣትን ያስተምራል፤ በዚህ ቤት የተባለን መድገም ስህተት ነው። አንዱ ሥርዓት ሁለቱንም በክብር ይዞ ኖሯል። ልጆች ዜማ ቢደርሱ ባህላችን ይበረዛል ብለው የሚሰጉ ሰዎች መልሳቸውን እዚህ ያገኛሉ፤ የዛሬው ትምህርት ቤት የጎደለው የዜማ ቤቱ ወገን አይደለም፣ እሱማ በመዝሙሩ በኩል አለ። የጎደለው የቅኔ ቤቱ ወገን ነው።

ይህን ጥያቄ በመንግሥት ደረጃ አንስተው እስከ ፈተና ድረስ ከወሰዱት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 ካናዳዊው አቀናባሪ መሪ ሼፈር ተማሪዎችን ድምፅ እንዲያዳምጡና እንዲፈጥሩ የሚጋብዝ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1970 ደግሞ እንግሊዛውያኑ ጆን ፔይንተርና ፒተር አስተን «ድምፅና ጸጥታ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ፔይንተር ከ1973 እስከ 1982 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ትምህርት ላይ የተካሄደ ሰፊ ፕሮጀክት መራ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ልጅ ሥዕል የሚማረው በመሳል፣ ድርሰት የሚማረው በመጻፍ ከሆነ፣ ሙዚቃንም በመድረስ ይማር የሚል። በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ጂሲኤስኢ የተባለው የ16 ዓመት ተማሪዎች ፈተና መጫወትን፣ ማዳመጥንና መድረስን ሦስቱንም አካተተ፤ በ1992 ደግሞ ድርሰት ከታችኞቹ ክፍሎች ጀምሮ የብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት አካል ሆነ። ዛሬም ከዚያ ፈተና 30 በመቶው የሚያዘው ለሁለት ድርሰቶች ነው።

የእንግሊዝ ልምድ ግን ችግሩንም ያሳያል፣ ይህንንም መሸሸግ አይገባም። ድርሰት ነጥብ የሚሰጥበት ሲሆን ተማሪው ጆሮው የፈለገውን ትቶ ፈታኙ የሚፈልገውን መጻፍ ይጀምራል። ብዙዎቹ መምህራን ራሳቸው መጫወትን እንጂ መድረስን ስላልተማሩ የተማሪውን ሥራ ከማበልጸግ ይልቅ የነጥብ መስፈርቱን ማሟላቱን ወደ መቆጣጠር ያዘነብላሉ። ከዚህ ተነሥተው «ፈጠራ ሊመዘን አይችልምና ከክፍል ይውጣ» የሚሉ አሉ። እኔ የምለየው እዚህ ላይ ነው። የቅኔ መምህር በየዕለቱ ይመዝናል፦ ቤቱ ሞልቷል ወይ፣ ሰዋስውው ቀንቷል ወይ፣ ሰሙና ወርቁ ተጋጥሟል ወይ። መጀመሪያ ልኩን፣ ከዚያ ምሥጢሩን ያያል፤ እርማቱም በሚቀጥለው ቅኔ ይፈተሻል። የእንግሊዙን ድርሰት ያጠበበው መመዘኑ አይመስለኝም፤ ምዘናው ከዘወትር እርማት ተነጥሎ በሁለት ሥራዎች ላይ መንጠልጠሉ ነው።

መሣሪያ የለንም፣ ኖታ አያውቁም ለሚለው ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ የሰጠው መልስ ለእኛ ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው። ኦርፍ እ.ኤ.አ. በ1924 ሙኒክ ውስጥ በተቋቋመው የጉንተር ትምህርት ቤት ጀምሮ ባዳበረው ዘዴ ልጆች የሚጀምሩት በጭብጨባ፣ በእግር ምትና በንግግር ነው። ወደ ዛይሎፎን ሲሸጋገሩ ፋ እና ሲ የተባሉት ጣውላዎች ይነሣሉ፤ የሚቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ በእነዚህ አምስት ድምፆች ልጁ ቢሳሳት እንኳ ጆሮ አይጎረብጥም። እነዚህ አምስት ድምፆች የእኛ ትዝታ ሜጀር ናቸው። ኦርፍ ጣውላ ነቅሎ ያገኘውን ቅኝት ኢትዮጵያዊ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ ሰምቶታል፤ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬንም እንዲሁ። በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆችም ቤቱንና ባለቤቱን አይተው ስንኝ ይገጥማሉ፤ ማንም ኖታ አላስተማራቸውም። 60 ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ድካም አለው፣ አይካድም። ግን በአምስት በአምስት ተከፍለው በጭብጨባና በድምፃቸው ባለ 8 ምት ዜማ የሚደርሱ ልጆች ፒያኖ አያሻቸውም።

«ተሰጥኦ ያለው በራሱ ይወጣል» የሚለውን በተመለከተ፣ ሙላቱ አስታጥቄን ማስታወስ ይበቃል። ወደ ዌልስ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፤ ወደ ሙዚቃ የመለሰው እዚያ የገባበት ትምህርት ቤት ለሙዚቃ ቦታ የሰጠ መሆኑ ነው። ከዚያ ለንደን፣ ቀጥሎም ቦስተን ተማረ፤ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሐደውም በዚህ መንገድ ነው። ያ በር ያልተከፈተላቸው ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር የለም።

በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ መተግበር የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና ዕይታ ጥበባት» በሚል ስም ሙዚቃን ከውዝዋዜ፣ ከቴአትርና ከሥዕል ጋር አንድ የትምህርት ዓይነት አድርጎ ለታችኞቹ ክፍሎች ሰጥቷል። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሙዚቃ ስለሌለ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚሠዋው ይኸው ክፍለ ጊዜ ነው፤ አራቱን ጥበባት እንዲሸፍን የሚጠበቅ መምህርም በለመደው በአንዱ ላይ ቢወሰን አይፈረድበትም። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ነው። ሠልጣኙ በየሳምንቱ አንድ አጭር ዜማ ደርሶ በእኩዮቹ ፊት ያሰማ፣ ይታረም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይዞ ይምጣ። የቅኔ መምህር መምህር የሚሆነው በተማሪዎቹ ፊት መዝረፍ ሲችል ነው፤ የሙዚቃ መምህራችንም ክፍል ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 40 ያህል የራሱን ዜማዎች አሰምቶ፣ የተጣሉትንም ጥሎ የመጣ ሊሆን ይገባል።