ምዕራፍ ስድስት፦ ሞገዱ የሚነሣው ሩቅ አገር ነው

የዕረፍት ጉዞ ስናስብ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከመሥሪያ ቤት ፈቃድና ከቲኬት ዋጋ ነው። ሞገድ ለመጋለብ የሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው አለው። ሞገዱ ከየት ይመጣል? በየትኛው ወር? ለእኔስ ልክ ነው? ይህን ሳይጠይቅ የሄደ ወይ እንደ ሐይቅ የተኛ ውሃ ይጠብቀዋል፣ ወይ ገና ከሩቅ ሲያየው ጉልበት የሚያብረከርክ ሞገድ። በዚህ ምዕራፍ ነገሩን በአንዲት መንደር እናየዋለን፤ በደቡብ ሞሮኮ በምትገኘው በታጋዙት።

ታጋዙት ከአጋዲር ከተማ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አትላንቲክ ዳር የተቀመጠች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የአካባቢው ሰው አማዚግ ሲሆን ቋንቋው ታሸልሒት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሮጌ መኪና ተጭነው ከአውሮፓ የወረዱ ጸጉረ ረጃጅም ወጣቶች ሞገዷን ወደዱላት፤ ዛሬ ከዓሣው ይልቅ ስሟ የሚነሣው በሰርፊንግ ነው።

ታጋዙት ላይ የሚሰበረውን ትልቅ ሞገድ የታጋዙት ነፋስ አልፈጠረውም። በብርዱ ወራት በሰሜን አትላንቲክ የሚነሣ አውሎ ነፋስ ባሕሩን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሲገርፈው ይቆያል። ከዚያ ሞገዱ ከነፋሱ ተላቆ ብቻውን ይጓዛል። በጉዞው ላይ ረጃጅሞቹ ይቀድማሉ፣ አጫጭሮቹ ይንጠባጠባሉ። በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል 15 ሰከንድ ካለ፣ የሞገዱ መንጋ በጥልቅ ባሕር ላይ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በቀን 1,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ አውሎ ነፋስ ሞገዱን መንደሩ ደጃፍ የሚያደርሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ትንበያው የሚታመነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እንግዳው መንገድ ላይ ሳለ ይታወቃል።

የሞገድ ትንበያ ሲከፍቱ ሦስት ነገሮች ያገኛሉ፦ ቁመት፣ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ሰከንድ፣ የመጣበት አቅጣጫ። ጀማሪ ዓይኑ የሚያርፈው ቁመቱ ላይ ብቻ ነው። ነገር ግን ሁለት ሞገዶች ቁመታቸው እኩል 1.5 ሜትር ሆኖ የአንዱ ልዩነት 7 ሰከንድ፣ የሌላው 14 ቢሆን፣ ሁለተኛው ይዞት የሚመጣው ኃይል እጥፍ ነው። ባለ 7 ሰከንዱ የባሕሩ ወለል የሚሰማው ጥልቀቱ ወደ 40 ሜትር ሲቀንስ ነው፤ ባለ 14ቱ ግን ገና 150 ሜትር ላይ ወለሉን መዳሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ይታጠፋል፣ የመሬቱን ጫፍ ዞሮ ይገባል፣ ዳር ሲደርስም ሽቅብ ይቆማል። ወረቀት ላይ 1.5 ሜትር ያሉት፣ ዓለት ዳር ከሰው ቁመት በልጦ ሊገኝ ይችላል። በእኔ ግምት ከጀማሪዎች መደናገጥ ብዙው የሚመጣው ይህን ሰከንድ ካለማንበብ ነው።

ወደ ወራቱ እንምጣ። ለታጋዙት ዝና ያተረፈላት ሞገድ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ይመጣል፤ ታኅሣሥና ጥር ዋናዎቹ ናቸው። የጉዞ ማስታወቂያዎችም እነዚህን ወራት ነው የሚያስጮኹት። በሰርፊንግ ሰሌዳ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ግን በታኅሣሥ ባይሄድ ይሻለዋል። የመስከረም መጨረሻ፣ ጥቅምት ወይም ሚያዝያ ይበቃዋል፤ ሞገድ አያጣም፣ የሚያስፈራ ቀንም አይበዛበትም። በእኛ ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ እዚያ ሙቀትና የጎብኚ ግርግር ነው፤ ባሕሩ ብዙውን ጊዜ ስለሚያንስ ለመማር ይሆናል፣ ለሚያውቅበት ግን ያሰለቻል።

መንደሯ ራሷ አንድ ዓይነት ሞገድ ብቻ የላትም። ከመንደሩ በስተሰሜን ያለው አንከር ፖይንት ረጅም፣ ለጋላቢው ወደ ቀኝ የሚሰበር ሞገድ ነው፤ ከዓለቱ ጫፍ መሰበር ይጀምርና ዳሩን እየተከተለ ይተረተራል። ይህ የለመዱ ሰዎች ቦታ ነው፤ መግቢያው ድንጋይ ነው፣ ሰውም ይበዛበታል። በደቡብ በኩል፣ ወደ ታምራግት መንደር ሲሄዱ፣ እንደ ባናና ቢች ያሉ አሸዋማ ዳርቻዎች አሉ። ጀማሪ ቦታው እዚያ ነው፤ ቢወድቅም የሚወድቀው አሸዋ ላይ ነው። ማረፊያም ታምራግት ቢይዝ በእግሩ ይመላለሳል።

ሰዓትም አለው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ጠዋት ሸሽጎት የነበረውን ዓለት ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ገላልጦ ሊያሳይዎት ይችላል። ነፋሱ ደግሞ ማለዳ ላይ ለዘብ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ የሞገዱን ፊት ያበላሸዋል።

ከትንበያው ሌላ የመንደሩን ዳርቻ ማየት ደግ ነው። ሰማያዊ ቀለም የተቀቡት የእንጨት ጀልባዎች የሚያድሩት አሸዋው ላይ ነው፤ ሲወጡ ሰዎች በትከሻቸው እየገፉ ውሃ ያስነኳቸዋል፣ ሞተሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ባሕሩ በከፋ ቀን አይገፉም። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ጀልባዎቹ ከነመረባቸው ተደርድረው ካዩ፣ ሰሌዳዎን ከመሸከምዎ በፊት አንድ ሰው ይጠይቁ። ጀልባ በሚወጣበትና በሚገባበት መስመር ላይ ተቀምጦ ሞገድ መጠበቅ ደግሞ አደጋም ነው፣ ነውርም ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ጀማሪ ሰሌዳ ገዝቶ አይሂድ፤ አየር መንገዶች ለሰሌዳ ተጨማሪ ያስከፍላሉ፣ እዚያ ደግሞ ኪራይ ሞልቷል። 2.4 ሜትር ወይም ከዚያ የሚረዝም፣ ላዩ ለስላሳ ስፖንጅ የሆነ ሰሌዳ ይከራዩ። አጭሩ ያምራል፣ ጀማሪ ግን አይቆምበትም። ሞሮኮ ብለው ሙቅ ውሃ አይጠብቁ፤ ቀዝቃዛ በሆነው የካናሪ የባሕር ጅረት ሳቢያ በብርዱ ወራት የባሕሩ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የጎማ ልብስ ግድ ነው።

ዋና የማይችል ሰው ይህን ምዕራፍ እዚህ ላይ ዘግቶ መጀመሪያ ዋና ይማር። ላንጋኖ ላይ የሚዋኝም ቢሆን ውቅያኖስን እንደዚያ አይቁጠረው። ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል፤ በአንድ ጠባብ መስመር ሲመለስ ሰውን ወደ ጥልቁ ይወስዳል። እንዲህ ከያዘዎ ፊት ለፊት አይታገሉት፤ ዳርቻውን ጎን ለጎን ይዘው ከመስመሩ እስኪወጡ ይቅዘፉ። ሰሌዳው ተንሳፋፊ ነውና አይልቀቁት። ሲወድቁ ሰውነትዎን ጠፍጣፋ አድርገው፣ ጭንቅላትዎን በክንድዎ ሸፍነው ይውደቁ። አንድ የሁሉም አገር ሕግም አለ፦ ሞገዱ መሰበር ከጀመረበት ቦታ ቅርብ የሆነው ሰው ባለቤቱ ነው፤ ሌላው ይተዋል።

መንደሩ የሙስሊሞች መንደር ነው። በጎማ ልብስ ዳርቻው ላይ ማንም አይቆጣዎትም፤ በዋና ልብስ ሱቅ መግባት ግን ደስ አያሰኝም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም፣ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚጀምረው የካቲት መባቻ አካባቢ ነው፤ ለቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት ሞገዱ በሚበረታበት ወቅት ይውላል ማለት ነው። በዚያ ወር ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፤ ምሽቱ ግን ከሌላው ጊዜ ይደምቃል። ድርሃም ከሞሮኮ ውጭ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሲደርሱ ይመንዝሩ፤ ጥሬ ገንዘብም በኪስዎ ይኑር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከቲኬቱ በፊት የቪዛውን ነገር ያጣራ።

በመጨረሻ ስለ ማረፊያ ቤት። ከታጋዙት በስተሰሜን ከአንድ ሰዓት በላይ በመኪና ሄደው የሚያገኟት ኢምሱዋን በረጅምና ገራም ሞገዷ ትወደዳለች፤ እሷም የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ባለሥልጣናት ባሕሩ ዳር ያለውን ሰፈር በሕዝብ ይዞታ ላይ ያለፈቃድ የተሠራ ነው ብለው አፈረሱት፤ ነዋሪዎች የተሰጣቸው ጊዜ አጭር ነበር። የፈረሰውን ሰፈር የሚያሳዩ የድሮ ፎቶግራፎች ግን ዛሬም በኢንተርኔት ላይ ይዞራሉ። ስለዚህ በፎቶ ብቻ ተማርከው ቀብድ አይክፈሉ፤ ደውለው ቤቱ የት እንዳለና ማን እንደሚያስተናግድዎ ይጠይቁ።