መጠጥን ስለሚያስተዉ መድኀኒቶች

ጠጪ ባለበት ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰማ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የሚያስተው ኪኒን የለምን?» የሚል ነው። ኪኒንስ አለ፤ እንዲያውም የታወቁት ሦስት ናቸው። ነገር ግን የሦስቱም አሠራር እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ፥ ልዩነቱን ሳይረዱ መጠቀም ጕዳትን ያመጣል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ቀዳሚው ዳይሰልፊራም፥ በንግድ ስሙ አንታቡስ የተባለው ነው። ይህ ኬሚካል አስቀድሞ የጎማ ፋብሪካ ዕቃ ነበረ። በ1937 ዊልያምስ የተባለ አንድ አሜሪካዊ የፋብሪካ ሐኪም፥ ከዳይሰልፊራም ጋር ዝምድና ባለው ኬሚካል የሚሠሩ ሠራተኞች አልኮል በቀመሱ ቍጥር እንደሚታመሙና ከዚህም የተነሣ መጠጥ እንደ ተዉ ጽፎ ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ ደግሞ በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃግን ኤሪክ ያኮብሰንና ዬንስ ሃልድ የተባሉ ሊቃውንት ዳይሰልፊራም ለሆድ ትል መድኀኒት ይሆን እንደ ሆነ ይመረምሩ ጀመር። (ኮሶ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ዐይነቱ ፍለጋ እንግዳ አይደለም።) ሰውን እንዳይጐዳ ለማረጋገጥ ራሳቸው ዋጡት፤ ከዚያም በኋላ አልኮል በጠጡ ጊዜ ሁለቱም ታመሙ። ምክንያቱን መርምረው ከደረሱበት በኋላ፥ ማርቴንሰን ላርሰን ከተባለ ሐኪም ጋር በሱሰኞች ላይ የተደረገው ሙከራ በ1948 ታትሞ ወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተጠጣው አልኮል በጕበት ውስጥ በመጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዛም ነገር ይለወጣል፤ ይህንንም ሌላ ኤንዛይም ወዲያው ጕዳት ወደሌለው አሴቴት ይለውጠዋል። ዳይሰልፊራም ይህን ሁለተኛውን ኤንዛይም ያግደዋል። ስለዚህ መርዙ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፊት ይቀላል፥ ራስ ይፈልጣል፥ ልብ በኀይል ይመታል፥ ያስመልሳል፥ የደም ግፊትም ይወርዳል። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች ይህ ኤንዛይም በተፈጥሮ ደካማ ሆኖባቸው ስለሚወለዱ፥ ያለ አንዳች ኪኒን ጥቂት መጠጥ ፊታቸውን ያቀላዋል።

እንግዲህ አንታቡስ አምሮትን አያጠፋም፤ የሚሰጠው ፍርሃትን ነው። በአገራችን ጠጪ በነፍስ አባቱ ዘንድ እንደሚገዘት ሁሉ፥ አንታቡስም በኪኒን የታሰረ ግዝት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ግዝት ደግሞ ለሚያከብረው ነው። በ1986 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት 605 ወንዶችን በሦስት ወገን ከፍሎ፥ ለአንደኛው ወገን በቀን 250 ሚሊግራም፥ ለሁለተኛው 1 ሚሊግራም ብቻ፥ ለሦስተኛው ቪታሚን ሰጠ። ዓመቱ ሲፈጸም ከመጠጥ ፈጽመው በታቀቡት ብዛት ረገድ በሦስቱ ወገን መካከል የሚያስተማምን ልዩነት አልተገኘም። የታቀቡት በይበልጥ የተገኙት፥ የተሰጣቸው ምንም ይሁን ምን ሳያጓድሉ ከወሰዱት መካከል ነው። ከዚህ የተነሣ ኪኒኑ የትዳር ጓደኛ ወይም ነርስ እያየች ቢዋጥ ይሻላል ይባላል።

እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። የጨነቀው ዘመድ ኪኒኑን በወጥ ወይም በቡና ሸሽጎ ለመስጠት ቢያስብ አያስደንቅም፤ ሥራው ግን ሰው ሊገድል ይችላል። ሳያውቅ የዋጠ ሰው፥ ይልቁንም የልብ ሕመም ያለበት ከሆነ፥ እንደ ልማዱ አረቄውን ሲጠጣ በዚያው ሊቀር ይችላል። ኪኒኑን ከተዉም በኋላ ኀይሉ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው ራሱ ዐውቆና ፈቅዶ፥ ከመጨረሻው መጠጥም በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት ካላለፈ አይሰጥም።

ሁለተኛው ናልትሬክሶን በአሜሪካ በ1994 ለመጠጥ ሱስ የተፈቀደ ሲሆን፥ መንገዱ ከአንታቡስ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሰው ሲጠጣ አንጐሉ ራሱ ሞርፊን የሚመስል ነገር ያመነጫል፤ «ሞቅ አለኝ» የሚያሰኘው ደስታም በከፊል ከዚያ የሚመጣ ነው። ናልትሬክሶን የዚህን መቀበያ በር ይዘጋዋል። ጠጪው አይታመምም፤ መጠጡ ግን ለዛውን ያጣበታል። በየቀኑ 50 ሚሊግራም ይዋጣል፤ ከ2006 ጀምሮም በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ተፈቅዷል። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ሰውን በይበልጥ የሚያከብረው ይህ ነው፤ የሚያድነው በማስፈራራት አይደለምና። ሆኖም ጥቅሙ መካከለኛ ነው፤ አብዝቶ መጠጣትን ይቀንሳል እንጂ ሁሉን አያስተውም። ሞርፊን ለመሰለ የሕመም ማስታገሻ ለሚወስድ ሰውም አይሆንም።

ሦስተኛው አካምፕሮሴት በፈረንሳይ በ1989 የተፈቀደ ነው፤ የሚረዳውም መጠጥ አስቀድሞ ያቆመን ሰው እንዳይመለስበት ነው። በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች ሲያመሰግኑት፥ በ2006 በአሜሪካ 1,383 ሰዎች የተካፈሉበት ትልቅ ሙከራ ግን ጥቅም አላገኘበትም። ከሰውነት የሚወጣው በኵላሊት ስለ ሆነ ጕበቱ ለታመመ ሰው ይመረጣል።

ከነዚህ ከሦስቱ አንዱም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ቀናት አደጋ አያስወግድም። ለብዙ ዓመት ጧትና ማታ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም፥ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፥ ያንፈራግጠዋል፥ የሌለ ነገር ያያል፤ ሊሞትም ይችላል። ዘመዶቹ ይህን ሲያዩ «ርኵስ መንፈስ ያዘው» ሊሉ ይችላሉ። ሐኪም ዘንድ ቢደርስ ግን ዳያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያ ለጥቂት ቀናት ይሰጠዋል፤ አንጐሉም እንዳይጐዳ ቪታሚን ቢ 1 በመርፌ ይጨመርለታል። ስለ አንታቡስም ሆነ ስለ ናልትሬክሶን መነጋገር የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።