ማክሰኞና ቅዳሜ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ካይሮ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ለእንግዳ የማይከፈት በር ነበር። ቀኖቹ ማክሰኞና ቅዳሜ ነበሩ። ቤቱ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የአስሊን ደ ሸርቪል ነው። ከውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ባለቤቱ ሲሆን ሌላው ብዙ አገር የዞሩ የጎጃም ሰው፣ አባ አብርሃም ናቸው፤ ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ ይሏቸዋል። ከፊታቸው ዐረብኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተዘርግቷል። ቁጥር በቁጥር፣ ሳይቸኩሉ ያነባሉ። የዐረብኛው ቃል ሲከብዳቸው ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ የሰባ ሊቃናቱን ግሪክ ያመሳክራሉ። ከዚያ አማርኛው ይጻፋል።

ሥራው ዐሥር ዓመት ፈጀ። ሲያልቅ 9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ሆነ። አንድም ሳምንት ሳያስተጓጉሉ ተቀምጠው ቢሆን እንኳ በቀን ወደ ዘጠኝ ገጽ ይደርሳል። አማርኛ እስከዚያ ዘመን ድረስ በአመዛኙ የአፍ ቋንቋ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያንና የመጻሕፍት ቋንቋ ግዕዝ ነው። ስለዚህ እኚህ ሰው በየማክሰኞውና በየቅዳሜው ሲያደርጉት የነበረው ከማስተላለፍ አልፎ የአማርኛን ስድ ጽሑፍ መንገድ መጥረግም ነበር።

አባ አብርሃም ለዚህ ወንበር የበቁት በአንድ ቀን አይደለም። እስከ ሕንድ ተጉዘው ከታወቀው የቋንቋ ሊቅ ከዊልያም ጆንስ ጋር ተገናኝተዋል፤ ጆንስም ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ከእርሳቸው የሰማውን ጽፎ አሳትሞታል። በ1819 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ዓ.ም. ያልኩበት ቦታ ብቻ በእኛው ነው) ካይሮ ውስጥ ወረርሽኝ ገደላቸው። በማግስቱ ዓመት የእንግሊዙ ሚስዮናዊ ዊልያም ጆዌት የእጅ ጽሑፉን ለለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ገንዘቡ ሲቆጠር ተርጓሚው በሕይወት አልነበሩም። ቶማስ ፔል ፕላት አርሞት አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። በ1830 ሚስዮናዊው ሳሙኤል ጎባት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ይዞት የመጣው የአማርኛ ወንጌል ከዚያ ከተዘጋ በር የወጣው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ሁለት መቶ ዓመት የተንከባለለ ነው። የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም በየሳምንቱ በሚቀመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚሠሩ ሰዎች ይሠራል፤ መጽሐፉ ሲወጣ ግን አንድ ስም፣ አንዳንዴም ያሳታሚው ስም ብቻ ይቀራል። ባልና ሚስት ሲሆኑ የባል ስም፣ ሊቅና ረዳት ሲሆኑ የሊቁ ስም፣ ፈረንጅና የአገር ሰው ሲሆኑ የፈረንጁ ስም ነው የሚቀረው። ይህን ስል ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የአባ አብርሃምን ሳምንት ያወቅነው ራሱ አስሊን ስለመሰከረላቸውና ጆዌት ምስክርነቱን ስላሳተመው ነው። ጥቂት መስመር ያህል ምስክርነት ባይጻፍ ኖሮ ዛሬ ተርጓሚው ማን እንደ ነበሩ አናውቅም ነበር።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበሩትን ሚስዮናውያን እንውሰድ። ማርቲን ፍላድ በ1855 ወደ ኢትዮጵያ የመጣ፣ በስዊዘርላንድ የቅድስት ክሪሾና ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ሚስቱ ፓውሊን በኢየሩሳሌም የምታገለግል ዲያቆናዊት ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ፍላድን ወደ እንግሊዟ ንግሥት ሲልኩት ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀሩ። ሄዶ፣ ተመልሶ፣ እስከ መቅደላ ፍጻሜ አብሯቸው ታሰረ። ከዚያ በኋላ ጀርመን አገር ተቀምጦ በአማርኛ መጻሕፍትን ማዘጋጀትና ማሳተም የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ። በታሪክ መጻሕፍት ፍላድ ወደ ንግሥቲቱ ስላደረሰው ደብዳቤ ይነሣል። በሰው እጅ የቀረችው ፓውሊን ልጆቿን ይዛ ያሳለፈቻቸው ሳምንታት ግን እምብዛም አይነሡም።

በዚያው ዘመን የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ከጻፉት አንዱ ደብተራ ዘነብ ነበሩ። ስማቸው ከዜና መዋዕሉ ጋር ስለተያያዘ አልጠፋም። ነገር ግን ሚስዮናዊው ዮሐን ክራፕፍ በስተርጅናው ጀርመን አገር ኮርንታል ተቀምጦ ለኅትመት ያደረሰው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን የእርሳቸው ድካም እንዳለበት ስንቱ አንባቢ ያውቃል? ክራፕፍ ሸዋ ውስጥ የቆየው ከ1839 እስከ 1842 ነው። በሦስት ዓመት ቋንቋ ይጀመራል እንጂ አይጠገብም። የጎደለውን የሞሉት የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤ የሚቆመው ግን ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ላይ ነው።

ኢሉባቦር ሁሩሙ ላይ በ1856 ገደማ የተወለደ ሂካ የሚባል ሕፃን ነበር። በኦሮምኛ ሂካ ማለት ፍች፣ ትርጓሜ ማለት ነው። ገና በልጅነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል አውሮፓዊ ነፃ አወጣውና የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ፤ ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት ባሪያ ስም ነው። አናሲሞስ ስዊድን ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ። ወደ ወገናቸው ለመግባት በሱዳን በኩል ያደረጉት ጉዞ በሕመምና በመንገድ ክልከላ ከሸፈ። ወደ እምኩሉ ተመልሰው ብዕር አነሡ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበረባቸው። ከእናታቸው ቤት የወጡት በልጅነታቸው ነው። የልጅ ኦሮምኛ ይዘው ኢሳይያስንና ኢዮብን መተርጎም አይቻልም። የሐዘን ቃል፣ የሽምግልና ቃል፣ የእርሻና የከብት ቃል፣ ተረትና እንቆቅልሽ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያወጡበት በቂ መዝገበ ቃላት አልነበራቸውም።

በ1886 ለባርነት ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ የነበረች አንዲት ልጅ በጣልያን መርከብ ተይዛ ነፃ ወጣች። ስሟ አስቴር ጋኖ ነው። ከሊሙ እናርያ የመጣች፣ ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ዓመት ግድም ነበር። እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። አናሲሞስ የልጅቱን ጆሮና አንደበት ወዲያው አወቁ፤ ለኦሮምኛ የተለየ ስሜት እንዳላት አዩ። ቃላት እንድትሰበስብ ተመደበች። እርሷ የለቀመችው መዝገብ በ1893 የታተመውን አዲስ ኪዳን ለማረም ዋለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ተረጎመች። እንደ እርሷ ከባርነት ከተረፉ ልጃገረዶች ጋር በእምኩሉ እየኖረች አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ምሳሌ፣ ተረትና ዘፈን ጻፈች። ከዚህ ብዙው በ1894 እምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገባ።

አንባቢዬ እዚህ ላይ ትንሽ እንዲቆይ እለምናለሁ። ቤታቸው የጠፋ፣ እናታቸው ያለችበትን የማያውቁ ልጆች፣ በቀይ ባሕር ሐሩር፣ እናታቸው የነገረቻቸውን ተረት ያስታውሳሉ፤ ይጻፋልም። ዘፈኑ በተዘፈነበት መንደር ዘፋኞቹ የሉም። የሰው ልጅ ከተዘረፈ በኋላ የቀረለትን ነገር ቆጥሮ በጽሑፍ ሲያስቀምጥ ይህን የሚያህል ሌላ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ አላውቅም። በ1899 ስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪሾና የታተመው ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለጆሮ የጣመው ከዚህ ጎተራ ስለተዘገነ ነው።

በርእስ ገጹ ላይ ግን የተርጓሚው ስም የአናሲሞስ ብቻ ነው። ዛሬም ሰው ሁሉ የአናሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስ ይለዋል። አናሲሞስ ክብራቸው ይገባቸዋል፤ አንድ ነጥብ አይቀነስባቸውም። በ1904 ነቀምት ገብተው ትምህርት ቤት ከፍተው፣ በ1931 እስኪሞቱ ለፍተዋል። ወይዘሮ አስቴርም አብረው መጥተው ወለጋ ውስጥ አስተምረዋል። ሥራው የሁለት ሰው ሲሆን ክብሩ የአንድ ሰው መሆኑ ግን ትክክል አይደለም፤ ይህን በግልጽ እላለሁ።

መጽሐፉ በታተመበት ዘመን ገደማ ወደ ወለጋ ቀድመው የገቡትም ባልና ሚስት ናቸው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ሚስቱ ጉመሽ ወልደ ሚካኤል በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ቦጂ ደረሱ። እርሱ በ1905 በቃጠሎ ሰው ላድን ሲል ሞተ። የጉመሽን ስም ጠርቶ የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ግን ብዙ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዛሬስ? ከሰማንያ በላይ ቋንቋ በሚነገርባት አገራችን ትርጉሙ አልቆመም። በአንዳንድ የትርጉም ቢሮዎች ብታዩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የመጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ የውጭ አገር ባልና ሚስቶችን ታገኛላችሁ። አብዛኞቹ ራሳቸው አይተረጉሙም። ይህን ማወቅ ተገቢ ነው፤ ሚስዮናዊ ሲባል ሁሉም ተርጓሚ ይመስለናልና። ረቂቁን የሚጽፉት የቋንቋው ልጆች ናቸው። ባልየው ምናልባት የሒሳብ ሰው ወይም የኮምፒዩተር ባለሙያ የነበረ ነው፤ ሰኞ ጠዋት የተበላሸ ላፕቶፕ ይከፍታል፣ ከሰዓት በኋላ የጽሑፉን ቅጂ በሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ተርጓሚዎች የሚሠሩበት ፓራቴክስት የተባለው ፕሮግራም አንድ ስም በሃምሳ ቦታ በአንድ ዐይነት ፊደል መጻፉን ለመቆጣጠር ያግዛል፤ እዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው አንዳንዴ ሚስትየዋ ናት። ፊደል መልቀም ዐይን ያደክማል። ማታ ከገጠር ለመጡት ተርጓሚዎች ራት የምታዘጋጀውም እርሷው ናት።

ረቂቁ በቡድኑ ይታረማል። ከዚያ ሥራውን ለማያውቁ የመንደር ሰዎች ይነበብላቸዋል፤ ምን እንደ ገባቸው ይጠየቃሉ። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ይህ ነው። አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ እናት “እንዲህ አይባልም” ካሉ የሥነ መለኮት ዲግሪ አያድነውም። ቀጥሎ ሌላ ሰው የተተረጎመውን መልሶ የትርጉም አማካሪው በሚያውቀው ቋንቋ ይገለብጠዋል፤ አማካሪውም ከመነሻው ጋር እያስተያየ የተዛባውን ያወጣል። አንድ ምዕራፍ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።

አንድ ቃል ስንት ሳምንት ሊወስድ እንደሚችል ከራሳችን መጽሐፍ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በመጽሐፍ ቅዱስ አገር ተራራ የሚያለብስ ነጭ ነገር ከሰማይ ይወርዳል። አማርኛ ተናጋሪው በረዶ ሲባል የሚያስበው ማሽላውን የሚያራግፈውን ጠጠር ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ አንድ ላይ ሊቃውንቱ የመረጡት ቃል አመዳይ ነው፤ በደጋ ማለዳ ሣሩን የሚያነጣው ውርጭ። የሰሜንን ወይም የመንዝን ጠዋት ያየ ሰው የቃሉ ንጣት ይገባዋል። ያንን ቃል በመጀመሪያ ማን አነሣው? የደጋ ልጅ የሆነ አንድ መምህር ይሆናል፤ ስሙ ከቃሉ ጋር አልተጻፈልንም።

ስም አለመጻፍን እንደ ትሕትና የሚያዩ አሉ። ክብሩ የእግዚአብሔር ነው ይላሉ፤ ሐሳቡን አከብራለሁ። የአገራችን የድሮ ጸሓፊ ግን በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጽፎ በጸሎታችሁ አስቡኝ ይል ነበር። ያጻፈውን ሰውም ስም፣ አንዳንዴም የሚስቱንና የልጆቹን ስም ጨምሮ ያስቀምጣል። ይህ ትዕቢት አይደለም፤ የድካም መዝገብ ነው። ብራና ላይ የነበረው ወግ በማተሚያ ቤት ዘመን ለምን ይቅር?

ስለዚህ ትርጉም የምታሳትሙ ቤተ ክርስቲያኖችና ማኅበሮች፣ በሚቀጥለው ዕትም መጨረሻ አንድ ገጽ ክፈቱ። የተረጎመውን፣ ያነበበውን፣ “እንዲህ አይባልም” ያሉትን እናት፣ ፊደል የለቀመችውን ሚስት፣ ምግብ ያበሰለውን ሰው በስማቸው ጻፉ። አባታችሁ ወይም እናታችሁ እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የነበሩ አንባቢዎችም፣ እነርሱ በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ዓመቱንና አብሯቸው የተቀመጠውን ሰው ስም በወረቀት አስፍሩ። የኦሮምኛውንም መጽሐፍ ቅዱስ ከእንግዲህ ስንጠራ የአናሲሞስና የአስቴር እንበለው።