ያገለገለ ባሌስትራ ለአዲስ ካሶኒ

ባሌስትራ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ ከመኪና በፊት የጦር መሣሪያ ስም ነበረ፤ ይኸውም በእንጨት እጀታ ላይ ተጋድሞ የሚወጠረው የጥንት ቀስት ነው። ስያሜው ተስማሚ ነው። ተደራርበው የታሰሩት ዝርግ ብረቶች ሸክም ሲመጣባቸው ይቃናሉ፤ ሸክሙ ሲወርድ ወደ ቀድሞ ጕብጠታቸው ይመለሳሉ።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወራ ያሰብነው አሮጌ ሻንሲ ገዝቶ፣ ካሶኒውን በልኩ አሠርቶ፣ የኋላውን ባሌስትራ ግን ከወደቀ መኪና ላይ አስፈትቶ ለመግጠም ስለሚያስብ ሰው ነው። በአዲስ አበባ ወደ ሶማሌ ተራ ብቅ ያለ ሁሉ ያገለገለ ዕቃ ምን ያህል ገበያ እንዳለው ያውቃል። ነገሩም የሚነቀፍ አይደለም።

መጀመሪያ የሚታየው ብረቱ ነው። ዝርጎቹ ተፈተው፣ ዝገታቸው ተፍቆ፣ በተለይ የመካከሉ ቡሎን በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ሊመረመሩ ይገባል። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለበት ዝርግ ለመኪና አይሆንም። ግራና ቀኙም ከአንድ መኪና የወጡ ጥንድ ይሁኑ፤ ያለዚያ መኪናው ባዶውን ሳለ እንኳ እንደ አንካሳ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሒሳብ ነገር ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ7 ዝርግ ላይ አንድ ተመሳሳይ ዝርግ ቢጨመር ጥንካሬው በአንድ ሰባተኛ ገደማ ከፍ ይላል። ውፍረት ግን እንዲህ አይደለም፤ 10 ሚሊሜትር በነበረበት 12 ሚሊሜትር ቢገባ ለዓይን ትንሽ ቢመስልም የዝርጉ ግትርነት 1.7 እጥፍ ይሆናል። 1 ሜትር ከ20 የነበረውም ባሌስትራ 1 ሜትር ከ10 ቢደረግ 30 በመቶ ያህል ይገትራል። ስለዚህ ከትልቅ ካሚዮን የወጣው ተቆርጦ ለትንሽ መኪና ሲገጠም ባሌስትራነቱ ይቀርና አጣና ይሆናል፤ የመንገዱ ምት ሁሉ ወደ ሻንሲው ይሄዳል።

ልኩ አልገጠመም ብሎ በእሳት ማጠፍ ወይም መበየድ ደግሞ የባሰ ነው። ይህ ብረት ግለቱና ቅዝቃዜው ተለክቶ በፋብሪካ የተገራ ነው፤ በነበልባል ሲግል መገራቱን ይረሳል፤ ሲበየድም ከብየዳው አጠገብ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል።

ሲገጠም አንደኛው ጫፍ ጸንቶ ይታሰራል፤ ሌላው ግን እንደ ዥዋዥዌ በሚወዛወዝ ማያያዣ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሸክም ያቃናው ባሌስትራ ይረዝማልና መሄጃ ይፈልጋል። የመካከሉ ቡሎን ራስም በአክሱ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል ይግባ፤ ካልገባ መኪናው እያገደመ ይሄዳል። ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር አንቀው የሚይዙት የታጠፉ ረጃጅም ቡሎኖች አዲስ ይገዙ፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ጭነት ይዞ ጥቂት ከሄደ በኋላም ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃታችን እንምጣ። የመኪናው ኋላ ከፍ ብሎ ሲታይ ባለንብረቱ «አሁንስ ጥቂት ኩንታል ይጨመርበታል» ማለቱ አይቀርም። ባሌስትራው ይችል ይሆናል፤ ፍሬኑ፣ ጎማውና አክሱ ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የወረደ ሾፌር ይህን ያውቃል። እዚያ መኪናውን የሚይዘው ባሌስትራ አይደለም፤ ከሾፌሩ ጎን ደግሞ ረዳቱ ተቀምጧል።

የተጣለው ስንጥቅ ዝርግስ? እሱም ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ቀጥቃጩ ወስዶ ማረሻና ቢላዋ ያወጣበታል። እሳቱም የሚፈቀደው ለዚያን ጊዜ ነው።