በየትኛው ፎቶግራፍ እናስታውሳት? የአስናቀች ወርቁ መታሰቢያ

በወረታ ከተማም ሆነ በፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች ለቅሶ የደረሰ ሰው ይህን ያውቃል። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ዘመድ የሟችን ልብስ፣ የሚወደውን ዕቃ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ፎቶግራፉን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ያ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። ሰማንያ ዓመት የኖሩ እናት ገና ወጣት ሳሉ በተነሡት ምስል ይለቀሳሉ።

ሕዝብ የወደደው ከያኒ ሲያርፍም የሚሆነው ይኸው ነው። አስናቀች ወርቁ ያረፈችው መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። አድናቂዎቿ ስሟን ሲያነሡ በዓይነ ኅሊናቸው የምትመጣው ግን ክራሯን ያቀፈች፣ በቁንጅናዋና በአለባበሷ አዲስ አበባን ያነጋገረች ወጣት ናት።

ይህች ወጣት በዘመኗ እንደ ዛሬው አልተከበረችም። በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወደ መድረክ ስትወጣ በቴያትር የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ብዙዎች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተዋናይት የሚሏትም ስለዚህ ነው። መድረክ ላይ የቆመች ሴት «አዝማሪ» ትባል ነበር፤ ቃሉም የሙያ መጠሪያ ሳይሆን ስድብ ነበር። የያዘችው መሣሪያም ስሙን አላሳመረላትም። በአባቶች አነጋገር ዐሥር አውታር ያለው በገና የምስጋና ሲሆን፣ ክራር የዘፈንና የመሸታ ቤት ነው። ቁንጅናዋን እያደነቀ ልጁ እንደ እርሷ እንዳትሆንበት የሚጸልይ አባት ጥቂት አልነበረም ማለት ይቻላል።

በሩቅ አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ቤቲ ፔጅ የምትባል አሜሪካዊት በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ፎቶግራፏ በየግድግዳው የሚለጠፍ ሞዴል ነበረች። በ1957 ሥራውን ትታ ከሰው ዓይን ተሰወረች። ከዓመታት በኋላ ምስሏ እንደገና ሲወደድ እርሷ በችግርና በሕመም ውስጥ ነበረች። አድናቂዎቿ ሲያገኟትም በስተርጅናዋ ፎቶግራፍ መነሣት አልወደደችም፤ እንደ ቀድሞው ምስሏ እንዲያስታውሷት ፈለገች። በ2008 ስታርፍም የተለቀሰችው በዚያው ምስል ነው።

አስናቀች ሌላ መንገድ መረጠች። ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» በሚል ርእስ ባዘጋጀችው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ አርጅታ ትታያለች። ወጣቷን ብቻ ለሚያውቅ ተመልካች ነገሩ ያስደነግጥ ይሆናል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ከሁሉም ምስሎቿ ድፍረቷን አጉልቶ የሚያሳየው ይኸኛው ነው፤ ቁንጅናዋ ከሄደ በኋላም ፊቷን ለካሜራ አልደበቀችምና።

ለፎገራ ሰው ደግሞ ሌላ መለያ አላት። ስለ ሰምና ወርቅ ለጎንደርና ለጎጃም ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አስናቀች በትዝታና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ስትጫወት የክራሩ ድምፅ ጥቂት ነው፤ ጣቶቿ አውታሩን ነካ አድርገው ለግጥሙ ቦታ ይለቃሉ። በዚያ ክፍተት ውስጥ አድማጩ የፍቅሩን ቃል ሰምቶ ወርቁን እስኪፈታ ፋታ ያገኛል። በታላላቅ የሙዚቃ ባንዶች ዘፈን ውስጥ ይህ ፋታ እምብዛም አይገኝም። የክራር ዘፈኖቿ በ2003 (በአውሮፓውያኑ) «ኢትዮጲክስ» በተሰኘው ተከታታይ ስብስብ 16ኛ አልበም ሆነው በፈረንሳይ ታትመዋል፤ ቃሉን የማይረዱ የውጭ አገር ሰዎችም ወደውታል።

ቴሌቪዥን ባልነበረበት ዘመን በገጠር ቤቶች ከያንያን የሚታወቁት በሬዲዮ ነበር። የከተማው ሰው ስለ አስናቀች ፊትና ስለ ቀሚሷ ሲያወራ፣ በገጠር ራዲዮኑን ከምሰሶ ላይ ሰቅሎ ያዳመጠ ገበሬ የሚያውቀው ድምፁን ብቻ ነው። ወጣት ትሁን አሮጊት አላየም። ክራሩ ሲጀምር ግን ማን እንደምትዘፍን ማንም አይነግረውም፤ ራሱ ያውቃል።