ጴጥሮስን አይቶ ማይጨውን መጠየቅ

«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን አይቶ የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይነሣል፤ ቁጭትና ጥያቄ። ቁጭቱ ሲያድር ይበርዳል። ጥያቄውን ግን በትኩሱ ካልያዙት ይጠፋል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1961 ዓ.ም የጻፈው ይህ ተውኔት አቡነ ጴጥሮስን በመጨረሻ ሰዓታቸው ያሳየናል። ራያ ቆላ ውስጥ፣ ቆቦ ተቀምጦ በስልኩ ወይም በቴሌቪዥን ለሚያየው ሰው ነገሩ የአዲስ አበባ ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ከድራማው ወደ ታሪኩ ለመሻገር የራያ ቆላ ሰው ከብዙዎቻችን የቀረበ በር አለው።

መጀመሪያ ቀኑን ይፈልጉ። አቡነ ጴጥሮስ በጣሊያን ጥይት የወደቁት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም ነው። ከዚያ ልክ አራት ወር ወደ ኋላ ሲቆጥሩ መጋቢት 22 ላይ ይደርሳሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ጦራቸውን እየመሩ ማይጨው ላይ የገጠሙበት ዕለት ነው። በእነዚህ አራት ወራት ውስጥ የሆነው ሁሉ ከመድረኩ ውጭ ይቀራል። ሠራዊቱ ተፈታ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ላሊበላ ወርደው ጸለዩ፤ ሚያዝያ 7 ደሴ ተያዘች፤ ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው ለስደት ተነሡ፤ ሚያዝያ 27 የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከተማዋ ገባ። ሐምሌ 21 የደጃዝማች አበራ ካሣና የሌሎች አርበኞች ጦር አዲስ አበባን ለማስለቀቅ አጠቃ፤ አልሆነለትም። ጳጳሱ በማግሥቱ ተረሸኑ። ይህን ሰንሰለት በልቡ የያዘ ተመልካች ተውኔቱን ዳግመኛ ሲያየው ጴጥሮስ የሚናገሩት ለማን እንደሆነ፣ ስለ የትኛው ሽንፈት እንደሆነ ይገባዋል።

ቀጥሎ ቦታው። ከቆቦ በዋናው መንገድ ወደ ሰሜን ሲሄዱ በስተምሥራቅ ዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ የላስታ ግድግዳ፣ መሃሉ የማሽላና የጤፍ ሜዳ ነው። ዋጃን አልፈው አላማጣ፤ ከአላማጣ ግራካሱን በጥምዝምዝ ወጥተው ኮረም፤ ከኮረም የአሸንጌን ሐይቅ በጎን እያዩ ማይጨው። በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ሠራዊቱ በእግሩ ያፈገፈገው በዚሁ በአሸንጌና በኮረም በኩል ነበር። የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያዘነቡበትም እዚያው ነው። መጽሐፍ ላይ አንድ መስመር የሚሆነው «አፈገፈገ» የሚለው ቃል እዚያ ዳገት ላይ ቆሞ ሲያስቡት ክብደቱ ሌላ ነው፤ መደበቂያ የሌለው የሐይቅ ዳርቻ፣ ከላይ ክፍት ሰማይ።

አስቸጋሪው ክፍል የሚመጣው አሁን ነው። ያ ሠራዊት ሲያፈገፍግ ከሰማይ ብቻ አልተመታም፤ ከራያና ከአዘቦ ታጣቂዎችም ጥቃት ደርሶበታል። የዘመኑ ምስክሮች ጽፈውታል። ድራማ የለመደ ዐይን እዚህ ላይ «ባንዳ» ብሎ ያልፋል። በታሪክ ድራማ ውስጥ ሰው ወይ አርበኛ ነው ወይ ባንዳ፤ ለመድረክ ይመቻል፣ ተመልካችም ማንን እንደሚጠላ ያውቃል። ለራያ ታሪክ ግን ይህ አከፋፈል አይበቃም፤ ለምን የሚለውን ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ ስለሚዘጋው።

ለምን? ጣሊያን መሣሪያና ማርትሬዛ ብር አድሏል፤ ይህ አንዱ ነው። ይሁንና ንጉሠ ነገሥቱም ከማይጨው ውጊያ በፊት ለአዘቦ ባላባቶች ብርና ልብስ እየሸለሙ ወደ ወገናቸው ለመሳብ ሞክረዋል። ሁለት ወገን በስጦታ የሚሽቀዳደምበት ሕዝብ ከሁለቱም ጋር ያልተቋጨ ሂሳብ አለው ማለት ነው። ከመንግሥት ጋር የነበረው ሂሳብ ደግሞ በማይጨው አልተጀመረም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ራያና አዘቦ ከማዕከሉ ጋር ተጣልቶ አምጾ ነበር፤ በዘመቻም ተመትቷል። ጦርነቱ ሲመጣ ከዚያ ዘመቻ የተረፈው ቂም ገና አልደረቀም። ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው አለ፤ ራያ እንደ አንድ ሰው የሚያስብ፣ በአንድ ድምፅ የሚወስን አገር አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። ከጎኑ ያለው የላስታና የዋግ ደጋ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት በጣሊያን ላይ ተነሥቷል። ደጃዝማቹ በ1930 መባቻ ተይዘው ተገደሉ። ስለ እርሳቸው ተውኔት ቢጻፍ ለማየት ከሚሰለፉት አንዱ እሆናለሁ።

የ1920ዎቹን አመጽ ክር ሲስቡት ሌላ ድራማ የሚወጣው ታሪክ ላይ ያርፋሉ። ራያና አዘቦን እንዲያበርዱ ከታዘዙት አንዱ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ፤ የጁዬ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል። አላበረዱም፤ ከአማጺዎቹ ጋር ይላላካሉ ተብለው ተጠረጠሩ፤ በመጨረሻ ራሳቸው በአልጋ ወራሹ በተፈሪ መኰንን ላይ ተነሡ። አንቺም ላይ በተደረገው ውጊያ አውሮፕላን መጀመሪያ የውግዘት ቃል የታተመበት ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ፤ ራስ ጉግሣም ወደቁ። ቀኑ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም ነው፤ ከማይጨው ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዕለት። በሁለተኛው ቀን ንግሥቲቱ አረፉ። አቡነ ጴጥሮስ ያን ጊዜ ጵጵስና ከተሾሙ ዓመት አልሞላቸውም። በዚያ ውግዘት ወቅት እርሳቸውና ሌሎቹ አዲስ ጳጳሳት የት ነበሩ ብሎ መጠየቅ ተውኔቱን ለወደደ ሰው ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ንባብ ይመጣል። ለጀማሪ የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ይበቃል፤ የዘመኑን አጥር ያሳያል። ከዚያ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» አንደኛ ቅጽ ያንብቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር ባዝ በስደት ላይ ሳሉ ያዘጋጁት ነው። የተሸነፈና አገሩን ጥሎ የወጣ መሪ ለዓለም የሚያቀርበው አቤቱታ መሆኑን ሳይረሱ ያንብቡት። ማርሻል ባዶሊዮም በዚያው በጦርነቱ ዓመት የራሱን መጽሐፍ አሳትሟል፤ የሙሶሊኒ መቅድም አለበት። እሱም የአሸናፊ አቤቱታ ነው፤ መርዙን ፈልገው ቢያጡት አይደነቁ። የራያ ቆቦ ሰው ይህን ዓይነት ንባብ ከዘወልድ ሽምግልና ያውቀዋል። ደም ለማድረቅ የተቀመጡ ሽማግሌዎች የገዳይን ወገን ብቻ ሰምተው፣ ወይም የሟችን ብቻ ሰምተው አይነሡም።

ስለ ጴጥሮስ ፍርድና ሞት ራሱ ከጣሊያን በኩል የተጻፈ አለ፤ የኮሪዬሬ ዴላ ሴራ ጋዜጠኛ ቺሮ ፖጅያሊ በማስታወሻው መዝግቦታል። ይህን ከተውኔቱ ጎን ማስቀመጥ ጸጋዬን ለማሳጣት አይደለም። ጋዜጠኛው ከውጭ የታየውን ጻፈ፤ ጸጋዬ ማንም ያልሰማውን፣ ጳጳሱ ለራሳቸውና ለፈጣሪያቸው ያሉትን ፈጠረ። ሁለተኛው ማስረጃ አይሆንም፤ ለመሆንም አልተጻፈም። ጸሐፌ ተውኔት በሌላ ታሪክ ሽፋን ለዘመኑ ሰው መናገሩ ደግሞ በእኛ አገር አዲስ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም ገደማ «ፋቡላ»ን ሲያሳዩ እንስሳቱ የሚናገሩት ስለ ሹማምንቱ መሆኑ ስለገባቸው መኳንንቱ አኩርፈው፣ ትያትር እስከ መታገድ ደርሷል። ስለዚህ «ጴጥሮስ»ን ሲያዩ ስለ 1928 ብቻ ሳይሆን ስለ 1961 ዓ.ም አዲስ አበባም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ተማሪው በ«መሬት ለአራሹ» መፈክር አደባባይ በሚወጣበት ዘመን መድረክ ላይ የሚሰቃይ ሰው ሲቆም፣ አዳራሽ የተቀመጠው ተመልካች የሰማው ምን ነበር?

ቆቦ፣ ሮቢት ወይም ጎብዬ አያት ያላቸው ደግሞ መጽሐፍ የማይሰጠውን ያገኛሉ። ማይጨውን ያየ ሰው ዛሬ አይገኝም፤ ካየ ሰው የሰማ ግን አለ። «ማን ከዳ?» ብለው አይጀምሩ፤ መልሱ ወይ ዝምታ ነው ወይ ጠብ። «ያኔ እዚህ ማን ሹም ነበር? ግብሩን ማን ይሰበስብ ነበር? ጠመንጃው በማን በኩል መጣ? ማን ዘመተ፣ ማን ቀረ?» ብለው ይጠይቁ። የሰሙትን ከነተናጋሪው ዕድሜና ቀበሌ ይጻፉት፤ ሌላ ሽማግሌ ሌላ ካሉም እሱን ከጎኑ ያስፍሩት፣ አያስታርቁት።

ይህን የለመደ ሰው ሌላ ሥራ ቢያምረው የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ያገኛል። በ1966 ዓ.ም መጀመሪያ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ፊልም አንድ ነገር ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረችው ሌሊት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ግን የቤተ መንግሥት ግብዣ ከረሃቡ ጋር እየተቆራረጠ የተቀጠለበት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው ምስል ከየት ተነሥቶ ከምን ጋር እንደተሰፋ መለየት ነው የሚቀጥለው ሥራ።